አንድ መስመር ቢጽፉ ምናለ?

የምሬን ነው፣ ደክሞኛል። ስለ ጅማ ቡና የምጽፍበት ድረ ገጼ ማክሰኞ ማታ ነጭ ሆነ። ባዶ ነጭ! ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፎቶ ማሳያውን ፕለጊን (ገጹ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) አፕዴት አደረግሁት። በቃ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶዎቼ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቀይ ቡና፣ ስንት ዓመት የለፋሁበት ሁሉ ድራሹ ጠፋ።

ድረ ገጼ የተሠራበት ሶፍትዌር፣ ዎርድፕሬስ፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ገጽ እንዲህ ሲበላሽ ለባለቤቱ የማዳኛ ሊንክ በኢሜይል ይልካል። ለእኔ ግን አልመጣም። ስለዚህ ፋይሎቹ ውስጥ ገብቼ የፕለጊኖቹን ፎልደር ስም ቀየርኩ። ይሄ ሁሉንም በአንዴ ያጠፋቸዋል። ገጹ ተመለሰ፤ እፎይ አልኩ። ከዚያ ስሙን መልሼ 14ቱን አንድ በአንድ ማብራት ጀመርኩ። አንዱን አብራ፣ ካሹን (በጊዜያዊነት የተቀመጠውን የገጹን ቅጂ) አጽዳ፣ ገጹን ክፈት፣ ደግሞ ቀጣዩን። ሰባተኛው ላይ መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ኔትወርክ የለም። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

ጥፋተኛውን ያገኘሁት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። ያው የፎቶው ፕለጊን! አዲስ ፒኤችፒ (ዎርድፕሬስም ፕለጊኖቹም የሚሠሩበት የፕሮግራም ቋንቋ) ይፈልጋል፣ የእኔ ሰርቨር፣ ማለትም ገጼ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ደግሞ የድሮው 7.4 ላይ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው፦ ሠሪዎቹ የሚያስፈልገውን የፒኤችፒ ቁጥር በአንድ መስመር ቢጽፉ ኖሮ፣ ዎርድፕሬስ ራሱ አፕዴቱን ይከለክለኝ ነበር። አንድ መስመር! እሷን ነፈጉን።

ሰርቨር ያከራዩኝ ሰዎች ጋ ስጽፍስ? «ፕለጊን እኛን አይመለከትም» አሉኝ። ፒኤችፒውስ ማንን ይመለከታል? እስካሁን መልስ የለም።