ከላይ ሆኖ «አይዞህ» ማለት

ተራራ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህችን ውሸት ያውቃታል። ትንፋሽህ ተቆራርጦ፣ ጉልበትህ ከድቶህ ስትወጣ እየወረዱ ያሉ ሰዎች ያገኙሃል። ፈገግ ብለው «አይዞህ፣ ደረስክ እኮ! ትንሽ ናት የቀረችህ» ይሉሃል። ታምናቸዋለህ። ያቺን ጉብታ ስታልፍ ግን ከኋላዋ ሌላ ጉብታ ቆሞ ይጠብቅሃል። ከእሱም ኋላ ሌላ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም የዋሹህ። እነሱ እየወረዱ ነው። ለሚወርድ ሰው መንገድ ሁሉ አጭር ነው።

ስለ እምነትና ስለ ማጽናናት ሳስብ ትዝ የሚሉኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው። እኛ አማኞች (ራሴን ጨምሬ ነው) ብዙ ጊዜ ሰው የምናጽናናው እየወረድን ነው። የታመመ፣ ሥራ ያጣ፣ ልጁን የቀበረ ሰው ስናገኝ አንዲት ቃል ወርወር እናደርግና መንገዳችንን እንቀጥላለን። «ለበጎ ነው።» «ይሄም ያልፋል።» «ፈጣሪ ከአቅምህ በላይ አይሰጥህም።»

የመጨረሻዋን ብዙ ሰው የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ናት ብሎ ያምናል። ቅርቧ የሚገኘው 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ከምትችሉት በላይ እንድትፈተኑ አይፈቅድም ይላል። ዙሪያውን ስታነበው ግን ወሬው ስለ ጣዖትና ስለ ክፉ ምኞት ነው። ሐዋርያው የሚናገረው ወደ ኃጢአት ስለሚስብ ፈተና እንጂ ስለ ካንሰር ወይም ስለ ኪሳራ አይደለም። አማርኛችንም ትንሽ አሳስቶናል መሰለኝ። «ፈተና» ስንል መከራንም፣ የክፉ ምኞት ጉተታንም በአንድ ቃል ነው የምንጠራው።

ያው ጳውሎስ ለዚያችው ቤተ ክርስቲያን በላከው ሁለተኛ መልእክት ምን እንዳለ ደግሞ ተመልከቱ። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ በእስያ የደረሰበትን ሲናገር ሸክሙ ከአቅማችን በላይ ነበር፣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ ቆርጠን ነበር ይላል። ከአቅም በላይ! ይህን የሚለው እምነቱ የጎደለ ሰው አይደለም። ከዚያ ምዕራፍ 7 ላይ ያዘኑትን የሚያጽናና አምላክ አጽናናን ይልና እንዴት እንደሆነ ይነግረናል። በራእይ ወይም ከሰማይ በመጣ ድምፅ አልነበረም። በቲቶ መምጣት ነው። አንድ ወዳጁ መንገድ ቆርጦ መጣ፣ በቃ።

ከሁሉም የምወደው ግን የኤልያስን ነው። ነቢዩ ንግሥት ኤልዛቤል ልትገድለው ስለዛተች ሸሽቶ ምድረ በዳ ገባ። አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። እዚህ ጋ ስብከት የሚጠብቅ አለ። መልአኩ ግን አልሰበከም። «ከጥቂት ቀን በፊት በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረድክ ሰው፣ ምን ነካህ?» አላለውም። ቀሰቀሰውና ብላ አለው። አጠገቡ የተጋገረ እንጎቻና ውሃ ነበር። በልቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ተወው! ሁለተኛ ጊዜ ሲቀሰቅሰው ያለው ቃል ነው እኔን የሚገርመኝ። የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ አለው።

መንገዱ ሩቅ ነው። «ደረስክ» አላለውም። ከፊቱ እስከ ኮሬብ ተራራ የ40 ቀንና የ40 ሌሊት ጉዞ ነበረበት፤ መልአኩም አልደበቀውም። እውነቱን ነግሮ ስንቅ ሰጠው። ማጽናናት ማለት ይኼ ነው ባይ ነኝ።

ታዲያ ቃል ዋጋ የለውም ማለቴ ነው? አይደለም። ግን ቃሉ ከየት እንደሚመጣ ለውጥ ያመጣል። ሲሞን ሽኖል የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣችው ጥናት አለ። ሰዎችን ዳገት ሥር አቁመው ምን ያህል ቀጥ ያለ ይመስላችኋል ብለው ጠየቋቸው። አጠገባቸው ጓደኛ የቆመላቸው ሰዎች ብቻቸውን ከቆሙት ይልቅ ዳገቱን ቀለል አድርገው ገመቱት። ጓደኝነታቸው የቆየ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ለስለስ ብሎ ታያቸው። ዳገቱ ያው ዳገት ነው፤ አንድ ዲግሪ አልቀነሰም። አንድ ጥናት ሁሉን ነገር አያረጋግጥም፣ ይሁንና እኔ ሳነበው አልገረመኝም።

ቁርኣን ውስጥም 90ኛው ምዕራፍ ላይ ስለ አቀበት የሚናገር ቦታ አለ። የአረብኛው ቃል «ዐቀባ» ነው፤ ከእኛው «አቀበት» ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ጆሮ ይፍረድ። ሰው አቀበቲቱን አልወጣም ይልና ምን እንደሆነች ይጠይቃል። መልሱ ባሪያን ነጻ ማውጣት ነው፤ በረሃብ ቀን የቲምን (ወላጅ አልባን) ወይም አፈር ላይ የወደቀ ድሃን ማብላት ነው። ከዚያም ካመኑት፣ በትዕግሥትና በርኅራኄ አደራ ከተባባሉት ጋር መሆን ነው። «አደራ መባባል» የሚለውን ልብ በሉልኝ። አንዱ ለሌላው፣ ሌላውም ለእሱ። እዚያ አቀበት ላይ ሁሉም እየወጣ ነው። ከላይ ቆሞ የሚጣራ የለም።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከማንበብ ብቻ አይደለም። አባቴ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ዋለ። የመጀመሪያው ወር ቤቱ ሰው በሰው ነበር። ጸሎቱ፣ ጥቅሱ፣ «አለንልህ»ው አይጠየቅም። ሦስተኛው ወር ላይ ሳሳ። ስምንተኛው ወር ላይ ስልኬ ራሱ መጮህ የረሳ ይመስል ነበር። በማንም አልፈርድም፣ ሰው የራሱ ኑሮ አለው። ግን አቀበት የሚከብደው መሃሉ ላይ ነው። ሲጀመር ሁሉም ይሸኝሃል፣ ጫፍ ስትደርስ ሁሉም ያጨበጭብልሃል። መሃሉ ላይ ማንም የለም።

አንድ ጓደኛዬ ብቻ ሐሙስ ሐሙስ ይደውል ነበር። አፈ ጮማ የሚባል ሰው አይደለም፣ እንዲያውም ዝም ሲል ያስፈራል። «ዛሬ ምን በላህ?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። «ተኛህ?» ይለኛል። አልተኛሁም እለዋለሁ። «እሺ፣ ማታ ከአባትህ ጋ እኔ አድራለሁ፣ አንተ ተኛ» ይልና ይመጣል። አንድ ቀን ተናድጄ «አሁን እግዚአብሔር አለ ትላለህ?» አልኩት። ብዙ ቆየ። «እኔ አለ እላለሁ። አንተ ዛሬ ማለት ካቃተህ ግድ የለም፣ እኔ ለሁለታችን እላለሁ» አለኝ። ክርክር ቢገጥመኝ ኖሮ የምሸነፍ አይመስለኝም ነበር።

ደግሞ የሚደግፈውም ሰው ይደክማል። ኦሪት ዘጸአት 17 ላይ ሙሴ እጁን ሲያነሣ እስራኤል ያሸንፉ ነበር፣ ሲያወርድ ይሸነፉ ነበር። እጁ ዛለ። ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አሮንና ሖር አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ሆነው ፀሐይ እስክትገባ ደገፉት። ሁለት ሰው፣ ያውም መቀመጫ ድንጋይ አክለው። አንድ ሰው ብቻውን ቢይዘው እሱም ይዝል ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እያልን በየስብሰባው እንተርታለን፤ ሃምሳዎቹ ግን መጀመሪያ መምጣት አለባቸው። የታመመ የሚያስታምሙ ጓደኞች ካሏችሁ ተራ ተከፋፈሉ። ማክሰኞ ያንተ፣ ዓርብ የእሷ። መንፈሳዊ አይመስልም፣ አውቃለሁ። የቀን መቁጠሪያ ላይ የተጻፈ ስም ግን «በጸሎት እናስብሃለን» ከሚል መልእክት በላይ ሰው ያሳድራል።

ባለፈው ዓመት ያ ጓደኛዬ ራሱ ክፉኛ ተመታ። ዝርዝሩ የእሱ ስለሆነ ልተወው። ስልኩን አንሥቼ ምን እንደምለው ግራ ገባኝ። ያነበብኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ደወልኩና «ምን በላህ?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?» አለኝ።