«እዚያም ማሽላ ይዘራል እንዴ?»

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ለእናቴ ደወልኩላት። ነፋሱና የዝይ ጩኸቱ በስልኩ ገብቶ ኖሮ «የት ነህ?» አለችኝ። «ወፍ እየጠበቅሁ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «እዚያም ማሽላ ይዘራል እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ።

እየቀለደች አልነበረም። ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ፣ በቀወት ቆላ ለኖረ ሰው ወፍ መጠበቅ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። መስከረም ተጋምሶ ማሽላው ወተት መያዝ ሲጀምር ልጅ የሆነ ሁሉ ማማ ላይ ይወጣል። ማማ ማለት በአራት ባላ ላይ የተረበረበ እንጨት ነው፤ ከላዩ ሲቆሙ ማሳው እስከ ወንዙ ድረስ ይታያል። ወፍ ጭጭ ሳይል እዚያ መገኘት ግዴታ ነበር። ትጥቄ ወንጭፍ፣ ጅራፍና የደረቀ የጭቃ ድብልብል ሲሆን ስንቄ ደግሞ በኩታ ጫፍ የተቋጠረ ቆሎ ነበር። ግሪሳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ወፍ አይደለም፤ ጭስ ነው። ጭሱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ አንዴ ይጠቁራል፣ አንዴ ይሳሳል፤ ከዚያ ድንገት ማሽላው ላይ እንደ በረዶ ይወርዳል። አንዲት ግሪሳ በቀን 10 ግራም ገደማ እህል ትበላለች፤ መንጋው ሚሊዮን ከሞላ በአንድ ቀን 10 ቶን ሄደ ማለት ነው። አባቴ ይህን ሒሳብ አያውቀውም ነበር። እሱ የሚያውቀው ጎተራው ምን ያህል እንደ ጎደለ ነው።

አሁን የምጠብቀው ሌላ ወፍ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከአሌክሳንድሪያ ከተማ በስተ ደቡብ፣ ሀንትሊ ሜዶውስ የሚባል ፓርክ አለ፤ 1,500 ኤከር ገደማ የሚሆን ረግረግና ደን ሲሆን ውኃው ላይ ሰው የሚሄድበት የእንጨት ርብራብ ተዘርግቶበታል። ማለዳ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። ከክንዴ የሚረዝም ሌንስ ተሸክመው፣ ቅዳሴ አርፍዶ እንደ ገባ ሰው በእግራቸው ጣት ይራመዳሉ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ሽመላ መሳይ ወፍ ከፊቴ ብድግ ሲል አፌ ሳላስበው «ሃይ!» አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ወፍ ሲያይ መጮኽ የተማረ ጉሮሮ በአንድ ቀን አይለቅም። ደግነቱ «ጠበቀ» የሚለው ቃላችን ሁለቱንም ይችላል፤ እንዳይመጣ መጠበቅንም፣ እስኪመጣ መጠበቅንም።

ለእናቴ በደወልኩበት ጠዋት የምጠብቀው የዉድ ዳክ ጫጩቶችን ነበር። ዉድ ዳክ የምትባለው ዳክዬ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው የምትፈለፍለው፤ ወንዱ የጥምቀት ጃንጥላ የመሰለ ነው፤ አረንጓዴው፣ ወይን ጠጁ፣ ነጩ ሁሉ በአንድ ላይ። ቀዳዳ ያለው ትልቅ ዛፍ ስላነሰ ሰዎቹ ረግረጉ ውስጥ ምሰሶ ተክለው ሣጥን ሰቅለውላታል፤ ከሩቅ ዘመናዊ ቀፎ ይመስላል። ጫጩት በተፈለፈለ ማግስት ይወጣል። እናቲቱ ውኃው ላይ ሆና ትጣራለች፣ እነሱ በጥፍራቸው ሣጥኑን ከውስጥ እየቧጠጡ ወደ በሩ ይወጣሉ፣ ከዚያ ይዘላሉ። አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ስምንተኛው በሩ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየና ተመለሰ። እንደገና ብቅ አለ፣ አየ፣ ተመለሰ። አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል፤ እኔም ጣቴ ካሜራው ላይ ደንዝዟል። በሦስተኛው ዘለለ። ፎቶው ላይ የአውራ ጣት የምታክል ክንፉን ዘርግቶ አየር ላይ ቀርቷል። ሽማግሌው ከዚያ በፊት አንድ ቃል ተናግሮኝ የማያውቅ ሰው ነበር፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ይህች ዳክዬ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአደንና በደን ምንጠራ ልትጠፋ ተቃርባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ስደተኛ ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ ወጣላት። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን የገንዘቡ ነገር ነው። ከ1934 ጀምሮ የውኃ ወፍ ማደን የሚፈልግ አሜሪካዊ በየዓመቱ አንዲት ቴምብር መግዛት አለበት፤ ዛሬ ዋጋዋ 25 ዶላር ነው፤ ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ ረግረግ ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። ዳክዬውን የሚያስጠብቀው ዳክዬ የሚበላው ሰው ነው ማለት ነው። እኛ ደግሞ ዳክዬም ዝይም አንበላም፤ ስለዚህ አንተኩስባቸውም፤ ስለዚህ አናያቸውምም። በስም ለይተን የምናውቃቸው ወይ የሚበሉንን ነው፣ እንደ ግሪሳ፤ ወይ የምንበላቸውን ነው፣ እንደ ቆቅና ጅግራ። የቀረው ሁሉ «ወፍ» ነው።

ስለ ዝይዎቹም ልናገር። እዚህ ሰው የሚማረርባቸው፣ ሣሩን ሁሉ በኩስ የሚሞሉት አንገተ ጥቁር የካናዳ ዝይዎች ናቸው። ብዙዎቹ በመኸር ወደ ደቡብ፣ በጸደይ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ዓመቱን ሙሉ ንቅንቅ የማይሉም አሉ። አዳኞች ድሮ የዱር ዝይዎችን ለማታለል ዝይ አስረው ያረቡ ነበር፤ ይህ በ1935 ሲከለከል ብዙዎቹ ተለቀቁ፤ ዛሬ የማይሄዱት በከፊል የእነዚያ ዘሮች ናቸው። ዝይ መንገዱን የሚማረው ወላጆቹን ተከትሎ በመብረር ነው፤ ወላጆቹ ሄደው የማያውቁ ጫጩት የት ይሂድ? ይህን እዚህ ሠላሳ ዓመት ለኖረው ጎረቤቴ ብነግረው ሲኒውን አስቀመጠና «ይህ የምትለው ስለ ዝይ ነው ወይስ ስለ እኔ ልጆች?» አለኝ።

ጥቁር ሰው በጠዋት ቁጥቋጦ ውስጥ የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ መቆሙ እዚህ ሌላ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ኒው ዮርክ፣ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ፣ ክርስቲያን ኩፐር የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ወፍ እያየ ሳለ አንዲት ነጭ ሴት ውሻዋን እንድታስር ጠየቃት፤ እሷ ፖሊስ ጠርታ «አፍሪካ አሜሪካዊ እያስፈራራኝ ነው» አለች። ቪዲዮው ባይኖር ኖሮ የሚሆነውን እንጃ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ካሜራዬን ከካፖርቴ በላይ ካላንጠለጠልኩ በር አታስወጣኝም። ማማ ላይ ሳለሁ ማን እንደ ሆንኩ የጠየቀኝ ሰው የለም።

አንድ ቀን ያው ትከሻዬን የመታኝ ሽማግሌ የካሜራውን መስኮት አስጠግቶ አንድ ዝይ አሳየኝ። ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ናት፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም የትም የለችም። «የት አነሣሃት?» አልኩት። «ጓሳ» አለኝ። መንዝ ጓሳ! ከእኛ ማማ ላይ ሆኖ ቀና ሲሉ የሚታየው ገደል አናት! ስለ እሷ የሰማሁት ቨርጂኒያ፣ ከአንድ ጡረተኛ ነው። በጓሳ የአስቦና የጌራ ልጆች፣ ማለትም የሁለቱ ቀደምት አባቶች ዘሮች፣ ሣሩን ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ ከፍተው ያጭዱ ነበር፤ ጥበቃው ከተጀመረ ከአራት መቶ ዓመት በላይ እንደሆነው ይነገራል። ለቤት ክዳን ብለው በጠበቁት ሣር ዝይዋም ተጠበቀች። ያለ ቴምብር።

አገሩ ደኅና በነበረ ጊዜ በጥቅምት ሄድኩ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ከአንዲት ምንጭ ዳር ሁለት ዝይዎች አገኘሁ። አንገታቸውን አጥፈው ጀርባቸው ላይ አሳርፈው፣ ጋቢ ተከናንቦ ፀሐይ እንደሚሞቅ ሽማግሌ ቆመዋል። አመድማ ናቸው፤ ሰማያዊው የሚታየው ሲበሩ ነው። አንድ ሰዓት ቆሜ ጠበቅሁ። አልበረሩም።

በማግስቱ ወደ ቀወት ወረድኩ። አጎቴ ማሳ ላይ ነበር፤ የልጁ ልጅ ማማው ላይ። ሰላምታችንን ሳንጨርስ በስተ ምሥራቅ ጭሱ ታየ። ካሜራዬን አወጣሁ፤ እንዲህ ያለ መንጋ ለማንሣት የቨርጂኒያ ሰዎቼ ምን ያህል እንደሚከፍሉ አውቃለሁ። ሌንሱን ሳስተካክል አጎቴ አየኝ።

«አንተ! እሱን አስቀምጥና ይህን ያዝ!» አለና ጅራፉን ወረወረልኝ።

ካሜራው በማንገቻው አንገቴ ላይ እየተወዛወዘ ጅራፉን አዙሬ ሳጮኸው ጫፉ የገዛ ጆሮዬን ገረፈኝ። ልጁ ማማው ላይ ሆኖ ሳቀ። ግሪሳው ግን ተነሣ።