ለእቃው የተከፈተው በር ለልጆቻችንስ?

የወሎ ሰዎች ዛሬ ልቆጣችሁ ነው አትቀየሙኝ። የአፍሪካ ነፃ ንግድ ቀጠና ሲባል የሚታየን ዶላር፣ ኤክስፖርትና የኮምቦልቻ ፋብሪካ ብቻ ነው፣ አገር ከአገር ገበያው ሲቀላቀል ሰውስ ምን መብት ይኖረዋል ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም።

እስቲ ስሙኝ። መጋቢት 2010 ኪጋሊ ላይ ሁለት ነገር ለፊርማ ቀረበ፣ አንዱ የንግዱ ስምምነት ሌላው ሰው አገር ለአገር በነፃነት ተዘዋውሮ እንዲሰራና እንዲኖር የሚለው ፕሮቶኮል፣ ማለትም የስምምነት ሰነድ። የንግዱ 22 አገር እንዲያፀድቀው ይፈልግ ነበር፣ አመት ከምናምን ሳይሞላው ተሟልቶ ግንቦት 2011 ስራ ላይ ዋለ፣ የኛም ፓርላማ አፀደቀው። የሰው ዝውውሩ 15 አገር ብቻ ነበር የሚበቃው ግን ይኸው ስንት አመቱ፣ ያፀደቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው እኛም የለንበትም። ይሄ ፍትህ ነው?

ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ የሚወርደውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኮንቴነሩ ታሽጎ፣ ዶክመንቱ ተሟልቶ፣ ኢንሹራንስ ተገብቶለት በጠራራ ፀሀይ ይሄዳል፣ የኛ ልጅ ግን በዛው መንገድ ሌሊት ተደብቃ ወደ ጅቡቲ ባህር ዳርቻ ኦቦክ፣ ከዛ በጀልባ የመን፣ ከዛ ከተረፈች ሳኡዲ። ኮንቴነር ቢጠፋ ጠያቂ አለው፣ እሷ ስትጠፋ ደላላው ስልኩን ይዘጋል።

መንግስትን ብቻ አትሙ ደግሞ። በሬ ሸጦ ለደላላ የሚሰጠው ማነው? ያንኑ ደላላ ሰርግ ላይ ከሽማግሌ ጎን የሚያስቀምጠውስ? አዋጅ 923/2008 እኮ በህጋዊ መንገድ ለምትሄድ ሰራተኛ ቪዛውንም የደርሶ መልስ ትኬቱንም አሰሪው ይቻል ይላል፣ ይሄን ለእናቶች የሚነግር የቀበሌ ሰው ጠፍቶ ደላላው የቪዛ ብሎ ብር ሲቀበላቸው እያየን አብሽሩ ያልፋል እንላለን። አያልፍም ወላሂ።

ሌላም አለ፣ እዚህ ላይ በጣም ነው የምናደደው። ሰኞ ባቲ ገበያ የአፋር ወንድማችን ግመሉን ነድቶ ሲመጣ ደላሎች ከበው ዋጋ ይሰብሩበታል፣ እኛ ቆመን እናያለን። ልጄን ሪያድ ላይ በእኩል አይን ይዩልኝ የምትል እናት አጠገቧ ያለውን ሰውዬ ሲያታልሉት ዝም ማለት የለባትም፣ አባትየውም እንደዛው፣ ነጋዴውማ ይብሳል።

የመረጣችሁት ተወካይ ደሴም ይምጣ ወልዲያ፣ ስለ መንገድና ስለ መብራት ጠይቃችሁ አትበተኑ። ያ የሰው ዝውውር ፕሮቶኮል ለምን ፓርላማ አልቀረበም በሉት፣ መቼ ነው የሚቀርበው በሉት፣ ቀን ቆርጦ እስኪነግራችሁ ከአዳራሹ አትውጡ።