ከሃይማኖት ነፃ ይሁን የተባለው ትምህርቱ ነው

8ኛ ክፍል ሳለሁ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሻሿን ታወልቅ ነበር። በደንብ አጥፋ ከደብተሮቿ ሥር ትከተዋለች። ከዚያ በኋላ አንድ እጇ ከፀጉሯ ላይ አይወርድም። ሒሳብ እንድትሠራ ወደ ሰሌዳ ስትጠራ እንኳ በአንድ እጇ ጠመኔ፣ በሌላው ጭንቅላቷን ይዛ ነበር የምትጽፈው። እኔ አንገቴ ላይ ጥቁር ማዕተብ ነበረኝ። አንድም ቀን አውልቂ ያለኝ የለም። ያኔ ልዩነቱ አልታየኝም፤ ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

እሷን ያስታወሰኝ የአክሱሙ ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. 160 ገደማ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች ሂጃብ ለብሳችሁ አትገቡም ተብለው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውጪ ቀሩ። ነገሩ የከረረው ለ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ በሚካሄድበት ሰሞን ነው። ጥር ላይ መቀሌ ውስጥ ትልቅ ሰልፍ ተደረገ፤ ፍርድ ቤትም ክልከላው ለጊዜው እንዲታገድ አዘዘ። ትእዛዙ ጥሩ ነው። ያለፈውን ክፍለ ጊዜ ግን ማን ይመልሰዋል?

እንዲህ ያለ ክርክር በተነሳ ቁጥር የሚጠቀሰው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ነው። ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ ይካሄድ ይላል። እኔም ከልቤ እስማማበታለሁ። ነገር ግን ነፃ ይሁን የተባለው ትምህርቱ ነው። መምህሩ፣ መጽሐፉ፣ የሰንደቅ ዓላማው ሰልፍ። መምህር የልጆቹን ማርክ በእጁ ይዞ የራሱን ጸሎት ክፍሉን ሙሉ ቢያስደግም ተጽዕኖ ማለት እሱ ነው፤ ልጁ እንቢ የሚልበት አቅም የለውማ። ሻሽ አድርጋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች ልጅ ግን በማን ላይ ምን ጫነች? እሷ መንግሥት አይደለችም።

ደግሞ አንቀጽ 27 አለ። ሰው እምነቱን በግልም በአደባባይም የመግለጽ መብት አለው ይላል። ገደብ ሊደረግበት ይችላል፣ ግን በሕግ፣ ያውም ለሕዝብ ደህንነት፣ ለሰላም፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለሌሎች ሰዎች መብትና ለመሳሰሉት ሲባል አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ ነው። በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ሕግ አይደለም።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን "እዚህ ጸሎት ከትምህርት ቤት ወጥቷል" ሲሉ እሰማለሁ። በ1962 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የከለከለው የኒውዮርክ ባለሥልጣናት አዘጋጅተው በየክፍሉ የሚያስደግሙትን ጸሎት ነው። ልጃቸው ምሳው ላይ አማትቦ ቢበላ፣ ወይም በረመዳን ጾሞ ቢውል የሚነካው ሕግ የለም። የመንግሥት ጸሎትና የልጅ ጸሎት ለየብቻ ናቸው።

መምህራንን እረዳለሁ። አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ልጅ አጭቀው፣ ውጪ ያለው ጠብ ወደ ግቢ እንዳይገባ እየሰጉ ነው የሚያስተምሩት። "ሁሉም ነገር በር ላይ ይቅር" የሚለው ሐሳብ ከዚህ ስጋት ሊመጣ ይችላል። ግን በር ላይ የሚቀረው የሁላችንም እኩል አይደለም። የእኔ ማዕተብ ኮሌታ ሥር ይደበቃል፣ የእሷ ሻሽ የት ይደበቃል? መቆጣጠር የሚያስፈልገውማ ሌላ ነገር ነው። ጓደኛውን "ለምን አትጾምም" እያለ የሚያሸማቅቅ ልጅ ካለ፣ ሂጃብ አላደረግሽም ብለው አንዷን የሚያገሉ ካሉ፣ መምህሩ መግባት ያለበት እዚያ ላይ ነው። በእምነት ጉዳይ ማንም ማንንም ማስገደድ አይችልም፤ ይሄም እዚያው አንቀጽ 27 ውስጥ አለ።

ኒቃብ ከበድ ይላል፣ አልክድም። ፈተና ላይ ተፈታኟ ማን እንደሆነች መታወቅ አለበት። ሴት ፈታኝ ለብቻዋ መታወቂያውን ከፊቷ ጋር አስተያይታ ብታስገባት ግን ያልቃል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሂጃቡ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። የዩኒፎርም ደንቡ ላይ "ሻሽ የምታደርግ ተማሪ በዩኒፎርሙ ቀለም ታድርግ" የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ይሄ መስመር ነሐሴ ላይ፣ ምዝገባ ሳይጀመር ተጽፎ ለወላጅም ለጥበቃም ይነገር። ጥር ላይ ፍርድ ቤት ከመሄድ ነሐሴ ላይ አንድ ስብሰባ መቀመጥ ይሻላል።