ውርር አደረገኝ፤ ስለዚህ መረጥኩት

ምርጫ ሲቃረብ የምናፍቀው ክርክሩን አይደለም። ውጤቱንም አይደለም። «ለምን እንደምደግፈው» የሚለውን ጽሑፍ ነው። ታውቁታላችሁ። ተስፋ የሚሰብክ፣ አንድነት የሚሰብክ፣ ሲስቅ የሚያምርበት እጩ ብቅ ይላል። ሳምንት ሳይሞላው የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ተራ በተራ ይመሰክሩለታል። እነዚህን ሰዎች በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው።

መጀመሪያ ትሕትናቸውን ላንሳ። ጽሑፉ ሁልጊዜ «እኔ እንኳን ፖለቲካ አልወድም» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ሦስት ገጽ ሙሉ ፖለቲካ ይከተላል።

ቀጥሎ ምክንያቱ ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ባርኔጣዬን የማነሳላቸው። ንግግሩን ሲሰሙ ውርር ያደርጋቸዋል። እንባቸው ይቀድማቸዋል። አንድ ወዳጄ መኪና እየነዳ ሲሰማው አላስችል ብሎት፣ ዳር ይዞ አቁሞ አልቅሷል።

«ምን አለ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «አይ፣ አነጋገሩን ብትሰማው!» አለኝ።

በጥያቄዬ አፈርኩ። ግብር እና በጀት ማንን አስለቅሶ ያውቃል? (ከፋዩን ካልሆነ።) ያልሠለጠነ መራጭ የእጩውን ፕሮግራም ቁጭ ብሎ ያነባል። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» እያለ ሰው ያሰለቻል። የእኔ ወዳጆች ግን ክንዳቸውን ነው የሚያዩት። ፀጉሩ ከቆመ አለቀ፣ አገር ዳነ።

ይህ ጥበብ ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስላችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።) ቢል ክሊንተን የተወለደው አርካንሳስ ውስጥ «ተስፋ» የሚል ስም ባላት ከተማ ነው። በ1992 የእጩነት ንግግሩን የዘጋው እሷን ጠርቶ ነበር። ሌሎቹ እጩዎች እናቶቻቸውን ይውቀሱ።

ለነገሩ የሁሉም አባት ባራክ ኦባማ ነው። በጁላይ 2004 ቦስተን ላይ ሲናገር ገና የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ሴናተር ነበር። የሊበራልና የወግ አጥባቂ ተብሎ የተከፈለ አሜሪካ የለም፣ ያለው የተባበረው አሜሪካ ነው አለ። ዓለም ውርር አለው። በ2008 ተመረጠ። እስከዚህ ሁላችንም እናውቃለን። የሚገርመኝ ግን መሐል ላይ ያለው ነው። በ2006 ሰውየው ራሱ ቁጭ ብሎ ጽፎታል፦ እኔ ባዶ ስክሪን ነኝ፣ አመለካከታቸው የተራራቀ ሰዎች የየራሳቸውን ሐሳብ ያዩብኛል፣ ስለዚህ አንዳንዶቹን፣ ምናልባትም ሁሉንም፣ ቅር ማሰኘቴ አይቀርም።

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ይበል? ሻጩ ራሱ «ይሄ ዕቃ አንተ ያሰብከው ላይሆን ይችላል» እያለ ነው። ሌላ ገዢ ቢሆን ብሩን ወደ ኪሱ ይመልስ ነበር። የእኛ ደጋፊ ግን «አያችሁ ትሕትናውን!» አለ።

ጦርነት የሰለቸው ሰው ስክሪኑ ላይ ሰላም አየ። እውነት ነው፣ ኦባማ የኢራቅን ጦርነት ተቃውሟል። አፍጋኒስታን ግን ተጨማሪ ጦር እንደሚልክ እዚያው የምርጫ ዘመቻው ላይ በግልጽ ተናግሯል። የደበቀው ነገር የለም። ያንን ሲናገር ውርር አላደረገንም እንጂ። ዲሴምበር 1 ቀን 2009 ተጨማሪ 30,000 ወታደር እንደሚልክ አስታወቀ። በዘጠነኛው ቀን ኦስሎ ሄዶ የሰላም ኖቤሉን ተቀበለ። «ከዳን» ያሉ ነበሩ። ምስኪን፣ እሱማ ቃሉን ነው የጠበቀው።

የፈረንሳዩ ማክሮን ደግሞ በ2016 ግራም ቀኝም ያልሆነ ንቅናቄ አቋቋመ። የንቅናቄው ስም መነሻ ፊደሎች ከራሱ ስም መነሻ ፊደሎች ጋር አንድ ሆነው ተገኙ። አጋጣሚ ነዋ። «በተመሳሳይ ጊዜ» የምትል ሐረግ ከአፉ አትጠፋም ነበር። ይህን አደርጋለሁ፣ በተመሳሳይ ጊዜ ያንን። እኛ በሰምና ወርቅ ላደግን ሰዎች ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ሰሙ ለግራው፣ ወርቁ ለቀኙ። በ2017 አሸነፈ። በ2018 የነዳጅ ግብር ሊጨምር ሲል ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሕዝብ መንገድ ዘጋ። ከግራውም ከቀኙም የመጡ ሰዎች አብረው ቆመው ነበር። አንድ አደርጋችኋለሁ ብሎ የለ?

አንድነት ካነሳን አይቀር፣ የአንድነት ደጋፊ እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው! «ሁላችንም አንድ ነን» ይላል። ከአጎቱ ጋር ከተኮራረፈ ግን ወር አልፎታል። አጎትየው ሌላውን እጩ ነው የሚደግፈው። «ጥላቻ ይብቃ» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ «ይሄ ያልገባው ሰው ጓደኛዬ አይደለም» ይጨምርበታል። ስሌቱም ቀላል ነው። ሕዝቡ በሙሉ ከእጩው ጋር ነው፤ ጥቂት ደንቆሮዎች ሲቀሩ። ድምፅ ሲቆጠር ጥቂቶቹ ከግማሽ ትንሽ ያንሳሉ። አንዳንዴ ትንሽ ይበልጣሉ። ያኔ ስህተቱ የሕዝቡ ነው።

ጆርጅ ቡሽ በ2000 «አንድ የማደርግ እንጂ የምከፋፍል አይደለሁም» ይል ነበር። ፍሎሪዳን የወሰደው በ537 ድምፅ ነው። ነገሩን የጨረሱት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም 5 ለ 4 ተከፍለው ነው። ከፋፋይ ቢሆን ኖሮ ምን ሊሆን ነበር?

ከሁሉም ከሁሉም የምወደው ግን የሪቻርድ ኒክሰንን ነው። በ1968 ኦሃዮ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሲቀሰቅስ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ «አንድ አድርጉን» የሚል ጽሑፍ ከፍ አድርጋ ይዛ ነበር። ኒክሰን ባሸነፈ ማግስት ታሪኩን ለሕዝብ ተናገረ። የመንግሥቴ ግብ ይኸው ነው አለ። ስንቱ አልቅሶ ይሆን! ልጅቷ ኋላ ስትናገር ግን ጽሑፉ የእሷ አልነበረም። የራሷ ሌላ ነበር፣ እሱ መንገድ ላይ ጠፋባትና ይሄን መሬት ወድቆ አግኝታ አነሳችው። ኒክሰን በ1974 በዋተርጌት ጉድ ሥልጣን ለቀቀ። ጽሑፉን መጀመሪያ ማን እንደጣለው እንጃ፣ ብልህ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

ይሄን ሁሉ ሳደንቅ ከርሜ እኔም ዘንድሮ ወጉ አይቅርብኝ አልኩ። «ለምን እንደምደግፈው» ልጽፍ ተቀመጥኩ። ሲያስቸግረኝ ትዝ አለኝ። ባለፈው ምርጫ ለሌላ እጩ የጻፍኩት አለ። አውጥቼ ሳነበው አንድም የሚስተካከል ነገር አጣሁበት። ተስፋው አለ፣ አንድነቱ አለ፣ እንባው በቦታው ነው። ስሙን ብቻ ቀይሬ ለጠፍኩት። ሰዉ እንዴት ወደደው! ማታ መልሼ ሳነበው መሐል ላይ አንድ ቦታ የድሮው እጩ ስም ሳይቀየር ቀርቷል። ክው አልኩ። እሱን ላጠፋ ስል አንዲት የማላውቃት ሴት ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ገልብጣ ከሥሩ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «እዚህ ጋ ስደርስ ውርር አደረገኝ።»