የ2016ቱ የሆኪ ሊጋችን ኮከብ ይከለስ ወይ? ዓባይ ማዶ እና ሽምብጥ ይጻፉበት

አወያይ፦ ሊጋችንን ለማታውቁ፣ ባህር ዳር ቁጭ ብለን በኮምፒውተር የምናካሂደው የአይስ ሆኪ ሊግ ነው። ሁላችንም ቡድን አለን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገባ አሰላለፍ እንልካለን፣ ጨዋታውን ሶፍትዌሩ ራሱ ይጫወተዋል፣ ማታ ውጤት እናያለን። አንዳችንም በረዶ ላይ ቆመን አናውቅም፣ የምናውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። በ2016 ለኮከብ ተጫዋች ድምፅ ሲሰጥ የሽምብጡ በረኛና የዓባይ ማዶው አጥቂ እኩል ነጥብ አመጡ፣ ደንባችን ደሞ እኩል ከመጡ ብዙ አንደኛ ምርጫ ያገኘው ይወስዳል ይላል፣ በረኛው ወሰደ። ሽልማቱ ሐይቅ ዳር የተገዛች ትንሽ የደንገል ታንኳ ናት። እስከዛሬ ቡና ላይም ባጃጅ ውስጥም የሚወራው ይሄው ስለሆነ ሁለቱ ይጻፉና ይውጣላቸው ተባለ። ርዕሱ "ሽልማቱ ይከለስ" ነው። በሰፈራቸው ነው የምጠራቸው። ስድብ አይፈቀድም።

ዓባይ ማዶ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ይታወቅልኝ፣ እኔ ለታንኳዋ አይደለም፣ ታንኳ ከፈለግኩ ሄጄ እገዛለሁ። የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ የኔ ልጅ ነው፣ ጎልና አሲስት ሲደመርም አንደኛው እሱ ነው፣ የተጠጋውም የለም፣ ታዲያ እንዴት ነው ኮከብ ያልሆነው? ድምፅ ስንሰጥ አምስት ስም ነው የምንጽፈው፣ አንደኛው 10፣ ከዛ 7፣ 5፣ 3፣ 1። ከድምፅ ሰጪዎቹ አንዱ የኔን ልጅ ከአምስቱ ውስጥ ጭራሽ አልጻፈውም! አምስተኛ ብሎ እንኳ ቢጽፈው አንድ ነጥብ ጨምሮ ያሸንፍ ነበር። አንድ ነጥብ።

ይሄ ደሞ በእውነተኛው ኤንኤችኤል፣ በሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ የሆነ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001-02 ሲዝን የካልጋሪው ጃሮም ኢጊንላ 52 ጎል፣ 44 አሲስት፣ በድምሩ 96 ነጥብ ሰራ፣ በዛ ሲዝን ሌላ 50 ጎል የደረሰ የለም፣ ከሱ ቀጥሎ ያሉት 41 ላይ ነው የቀሩት። ጋዜጠኞች የሚመርጡት የሃርት ሽልማት ድምፅ ሲቆጠር ከሞንትሪያሉ በረኛ ከዦዜ ቴዎዶር ጋር 434 ለ 434 እኩል ወጡ፣ በአንደኛ ምርጫ 26 ለ 23 ተበለጠና ቀረ። እዛም አንድ ጋዜጠኛ ስሙን ጭራሽ አልጻፈውም እየተባለ እስከዛሬ ይወራል። ኢጊንላ አባቱ ናይጄሪያዊ ነው፣ ስሙ በዮሩባ ትልቅ ዛፍ ማለት ነው፣ ዋርካ በለው። ዋርካ የሚያህል ሰው እንዴት ይረሳል? ለበረኛ ደሞ ሃርት የሚሰጠው በስንት አንዴ ነው፣ ዣክ ፕላንት በ1962 ካገኘ በኋላ ዶሚኒክ ሃሼክ በ1997 እስኪያገኝ 35 ዓመት አልፏል። የኛ ሊግ ግን ገና ከመጀመሩ ለበረኛ ሰጠ።

ሽምብጥ፦ ብርቅ ነው ማለት ስህተት ነው ማለት አይደለም፣ እንደዛ ከሆነማ ሃሼክ በዓመቱ በ1998 ደግሞ ወስዷል። ሃርት ጎበዝ ለሆነ ሁሉ አይሰጥም፣ ለቡድኑ ከሁሉም በላይ ለጠቀመ ነው። ነጥብ ቢሆን ኖሮ በ1989 ማሪዮ ሌሚዩ 85 ጎልና 199 ነጥብ ይዞ ሃርቱን ዌይን ግሬትዝኪ በ168 ነጥብ ባልወሰደበት። ቴዎዶር በዛ ዓመት ከመጣበት ሙከራ 93.1 ከመቶውን አድኗል፣ ካፒቴኑ ሳኩ ኮይቩ በካንሰር ታሞ ሲዝኑን ከሞላ ጎደል ሳይጫወት ሞንትሪያልን ፕሌይኦፍ፣ የሲዝኑ ማብቂያ ጥሎ ማለፍ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። ካልጋሪስ? ቤቷ ገባች። ያንተ ቡድንስ? እሱም ቤቱ ገባ። የኔ ተከላካዮች ምን እንደሚመስሉ ታውቃለህ፣ እንደ ፈረሰ አጥር ናቸው፣ በግም በሬም በነሱ በኩል ነው የሚገባው፣ እሱ ልጅ ነው ለብቻው ይዞኝ ፕሌይኦፍ የገባው። አጥቂ እየተቀያየረ ነው የሚጫወተው፣ 20 ደቂቃ ገባ ከተባለ ብዙ ነው፣ በረኛ 60 ደቂቃውን ሙሉ ይቆማል። ጎል ማንም ያገባል፣ ማዳን ነው ከባዱ።

ዓባይ ማዶ፦ ጎል ማንም ያገባል!

ይሄን ነገር ሦስቴ ነው ያነበብኩት፣ ስልኬ ላይ ያለችው ክራክ ናት ያጣመመችብኝ ብዬ ነበር። ጎል ማንም የሚያገባ ከሆነ ያንተን አጥቂዎች ማን ከለከላቸው? ባለፈው ስታዲየም የከተማችንን የእግር ኳስ ቡድን፣ የጣና ሞገዶቹን ስናይ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ቆሎህን እየበተንክ "ኧረ በናታችሁ አንድ የሚያገባ ሰው ይጥፋ!" እያልክ ስትጮህ የነበርከው አንተ አይደለህም? ማንም ያገባ የለ፣ ወርደህ አታገባም ነበር? እኔ እኮ አዝኜልህ ውሃ ሁሉ ገዝቼልሃለሁ።

ደሞ ደንባችንን አንብበው። "ኮከብ ተጫዋች" ነው የሚለው። ኮከብ ማለት ያበራ ማለት ነው፣ ጠቀመ አልጠቀመ የሚል የለበትም። ኮከብ በረኛ የሚባል ሌላ ሽልማት አለልህ፣ እሱንም ወስደሃል፣ ቴዎዶርም ያኔ የበረኛውን ቬዚናን ደርቦ ወስዷል፣ ሁለት እንጀራ በአንድ እጅ። ቴዎዶር ስለተባለ ቴዎድሮስ መስሎህ ከሆነ የወደድከው ንገረን፣ እናትህ ጎንደሬ መሆናቸውን እናውቃለን።

ሽምብጥ፦ እናቴን ተዋት።

ሁለት ሙሉ አንቀጽ ጽፌ አንዷን ዓረፍተ ነገር ይዘህ ሮጥክ። ለሌሚዩ መልስ የለህም፣ ለፕሌይኦፉም መልስ የለህም። "ኮከብ" ስለምትለው ደሞ፣ ደንቡን ከኤንኤችኤል ስንገለብጥ ወደ አማርኛ የመለሰው ማነው? አንተ ነህ! "ለቡድኑ እጅግ ጠቃሚ" ይባል ስልህ "ይረዝማል፣ ታንኳዋ ላይ አይጻፍም፣ ኮከብ ብለን እንለፈው" ብለህ በገዛ እጅህ ነው የጻፍከው። አሁን ራስህ ያሳጠርከውን ቃል ይዘህ ትከሰኛለህ።

ሌላው ሰው የማይደፍረውን እኔ ልናገረው። በዛ ሲዝን ከተማው ላይ የሞባይል ኔት ተዘግቶ ነበር። አንተ ሳምንት ሙሉ አሰላለፍ የማትልክበት ጊዜ ነበር፣ አሰላለፍ ካልተላከ ደሞ ሶፍትዌሩ ራሱ መርጦ ያሰልፋል። ስለዚህ ከነዛ ጎሎች ውስጥ ስንቱ ያንተ ስንቱ የኮምፒውተሩ እንደሆነ ማን ያውቃል?

ዓባይ ማዶ፦ እንግዲህ ከአሁን በኋላ አንቱ ልበልዎት፣ አንተ ለመባባል የሚበቃ ነገር በመካከላችን የቀረ አይመስለኝም።

ክቡርነትዎ፣ ኔት ሲዘጋ እርስዎ ቤትዎ ዋይፋይ ነበረዎት። እኔ አሰላለፍ ለመላክ ከዓባይ ማዶ ድልድይ ተሻግሬ ዋይፋይ ያለው ሆቴል ሄጄ ማኪያቶ አዝዤ ነው የምልከው፣ አንድ ማኪያቶ ይዤ ሁለት ሰዓት ስቀመጥ አስተናጋጇ እንዴት እንደምታየኝ እርስዎ አያውቁትም። አንዳንዴ ወሬው ደስ አይልም፣ ታክሲም ባጃጅም አይኖርም፣ ያኔ አልሄድኩም። እሱን ነው እንደ ጥፋት የሚቆጥሩብኝ? ኮምፒውተሩ አሰለፈው ካሉ ያገባው ማነው ታዲያ፣ ኮምፒውተሩ ጫማ አድርጎ ገባ? የእርስዎን በረኛስ ማን አጫወተልዎት፣ ሐይቅ ዳር ወስደው ልምምድ አሰርተውታል? ሁሉም ያው ሶፍትዌሩ እጣ እያወጣ የሚያመጣው ቁጥር ነው፣ ያንኑ ፋይል ሁለቴ ቢያጫውቱት ሁለት የተለያየ ውጤት ነው የሚያመጣው። የእርስዎ ሲሆን ጀግንነት፣ የኔ ሲሆን ኮምፒውተር።

ግን ምን አስጨነቀኝ፣ ጎል እንደሆነ ማንም ያገባል።

ነገሩን ልጨርሰው። በ2002 ጋዜጠኞቹ ቴዎዶርን ሲመርጡ ተጫዋቾቹ ራሳቸው በሚመርጡት፣ ያኔ ፒርሰን በሚባለው ሽልማት ኢጊንላ ነው ያሸነፈው። በረዶው ላይ አብሮት የተጋፋ ሰው ነው የሚያውቀው። እኛ ጋ ግን ድምፅ የሚሰጠው ባለቡድኑ ራሱ ነው፣ ተወዳዳሪው ራሱ ዳኛ ነው። የኔ ጥያቄ አሁን ማን ኮከብ ነው አይደለም፣ ያ የድምፅ ወረቀት ይከፈትና ልጄን ያልጻፈው ሰው ይታወቅ ነው።

አወያይ፦ ርዕሱ "ሽልማቱ ይከለስ" ነበር፣ "ወረቀቱ ይከፈት" አይደለም። ግን ቀጥሉ፣ ሰዉ እያነበበ ነው።

ሽምብጥ፦ አንቱታውን አንሳልኝ፣ ሰው ያመንህና ይሰድበኛል።

የኔት መዘጋቱን ነገር ባላነሳው ጥሩ ነበር፣ ማኪያቶውን አላውቅም ነበር፣ እሱ ላይ ዝም እላለሁ። "ጎል ማንም ያገባል" ያልኩት ደሞ ... ቸኩዬ ነው የጻፍኩት እሺ? ማታ ነው፣ መብራት ሊሄድ ሲል ነው። ማንም አያገባም። ተደሰትክ?

ወረቀቱን ግን አታስከፍት፣ እኔ ነኝ። አዎ እኔ ነኝ ያልጻፍኩት። አምስቱን ስም ስጽፍ ያንተ ልጅ ሁለተኛ መሆን እንደነበረበት አውቃለሁ፣ ሁለተኛ ብዬ 7 ነጥብ ብሰጠው ግን ሲዝኑን ሙሉ የለፋው በረኛዬ እንደሚሸነፍ ደምሬ አየሁት። ደመርኩ፣ አልዋሽህም፣ በካልኩሌተር ነው የደመርኩት። አሁን እኔን ሌባ ከማለትህ በፊት አንድ ነገር መልስልኝ፣ አንተ የኔን በረኛ ስንተኛ ነው የጻፍከው? ፕሌይኦፍ የገባውን፣ ኮከብ በረኛ የተባለውን ልጅ? ከኔ ወረቀት ጋር ያንተም ይከፈት።

ዓባይ ማዶ፦ አምስተኛ።

ሽምብጥ፦ አምስተኛ! ሳቅ ቢመጣብኝ አትፍረዱብኝ። ካንተ ልጅ ሌላ ሦስት ሰው ከሱ በላይ ነበር? እነማን? ከነሱ አንዱ እኮ ግማሽ ሲዝን ተጎድቶ የተቀመጠ ነው።

ዓባይ ማዶ፦ ቆይ ቆይ። አንተ ባዶ ሰጥተህ እኔ አንድ ነጥብ ሰጥቼ ነው እኩል የወጣነው? ያቺን አንዷን ነጥብ ባልሰጠው ኖሮ በአንድ ነጥብ አሸንፌህ ነበር ማለት ነው? ምን ሆኜ ነው የጻፍኩት ታውቃለህ፣ ስሙን ጭራሽ ብተወው ያሳፍራል ብዬ ነው። አምስተኛ ብዬ ጽፌ ማታ እንኳንም ጻፍኩት ብያለሁ። ነውር ነው ብዬ የፈራሁት ነገር ነው ያሸነፈኝ! አንተ ሳታፍር ወሰድክ፣ እኔ አፍሬ ከሰርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማን እንደሆነ ስፈልግ የነበረው ጠላት እኔው ራሴ ነኝ ለካ።

ከዚህ በኋላ ክለሳም አልፈልግም። ባለቡድን ለተወዳዳሪው ድምፅ አይስጥ፣ ይሄ ደንብ ይጻፍ፣ አማርኛውን አሁንም እኔ እጽፈዋለሁ፣ በደንብ አርዝሜ። አንተ ደሞ ታንኳዋን አምጣና ለአወያዩ አስረክብ፣ የኔም ያንተም አትሁን።

ሽምብጥ፦ ታንኳዋ ላይ ችግር አለ።

ዓባይ ማዶ፦ ምን ችግር?

ሽምብጥ፦ ቡፌ ላይ ነበር ያስቀመጥኳት። የእህቴ ልጅ ጥምቀት ሰሞን ይዟት ወጥቶ እውነተኛ ታንኳ ናት ብሎ ሐይቅ ላይ ለቀቃት። ስደርስ እሩቅ ሄዳለች፣ ልብሴን ሳወልቅ እምቦጩ መሃል ገባች። ልንገርህ እያልኩ ነው፣ በምን አፌ?

ዓባይ ማዶ፦ በየት በኩል ነው የለቀቃት? ወደ ዓባይ አፍ በኩል ከሆነ እኮ የውሃ መቆጣጠሪያው ግድብ፣ ጨረጨራ ላይ ተይዛ ነው የምትሆነው፣ ካለፈች ደሞ በኛ በኩል ነው ያለፈችው። ድልድዩ ስር ልጆች ዓሣ ያጠምዳሉ፣ እጠይቃቸዋለሁ። ከተገኘች ግን ያገኛት ነው፣ ይሄን ከአሁኑ ጻፍልኝ።

ሽምብጥ፦ ንፋሱ ወደ ዘጌ ነበር የሚነፍሰው። ያንተ ሰፈር አልመጣችም።

ዓባይ ማዶ፦ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ወደ ዘጌ አይነፍስም። ስንት ሰዓት ነበር?