ይድረስ ገጽ 112 ለጎደለብዎት ክቡር አድሚን

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንዴት ሰንብተዋል? የቴሌግራም ቻናልዎ፣ ግሩፕዎ፣ ቪአይፒዎ ሁሉ ደኅና ናቸው? እኔ ካለፈው ማክሰኞ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።

ማክሰኞ ከመገናኛ ወደ ፒያሳ ለመሄድ ተሰልፌ (ሰልፉን ያውቁታል፣ አልተርክልዎትም) በስተመጨረሻ የኋላ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተጠቀጠቅሁ። ከጎኔ ያለችው ልጅ ስልኳ ላይ ታነባለች። የሰው ስልክ ማየት ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን አራት ሰው በሦስት ሰው ቦታ ሲቀመጥ ዓይን የት ይሂድ? አየሁ። «ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ባልቴቷ የልጇን ስም ረሳችው» ይላል።

ይህቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስሰርዛትና ስመልሳት የከረምኩት እኔ ነኝ።

ሞኝ ነኝና መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሰው ታክሲ ውስጥ፣ በዚያ ሙቀት፣ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ» እያለ እየጮኸ፣ የእኔን መጽሐፍ ያነባል! ቀጥሎ የገጹ ግርጌ ላይ አውራ ጣት አየሁ። የሰው አውራ ጣት። ጥፍሩ ሥር ጥቁር እድፍ ያለበት፣ መጽሐፉን ወጥሮ የያዘ፣ የመጨረሻውን መስመር ግማሽ የሸፈነ ጣት። ከጣቱ በላይ የቻናልዎ ስም በሰያፍ ታትሞ ባልቴቷ ላይ ተጋድሞባታል።

«መጽሐፉ ጥሩ ነው?» አልኳት።

«በጣም! ደራሲው ትንሽ ያንዛዛል እንጂ።»

«የት ገዛሽው?»

ሳቀች። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው፤ አያቷ ሻማ የት እንደሚሸጥ ቢጠይቋት እንደምትስቀው። «ይገዛል እንዴ? ጋሼ፣ ቴሌግራም ይጠቀማሉ? ልላክልዎት።»

ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት፣ ላከችልኝ። የሦስት ዓመት ሥራዬን በገዛ ዳታዬ አወረድኩት። ደራሲው እኔ ነኝ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ «ያንዛዛል» ያለችው ትዝ ሲለኝ ዘጋሁት። አራት ኪሎ ስትወርድ የእኔንም ሒሳብ ከፍላ ወረደች። ከዚህ መጽሐፍ አንባቢ እጅ በእጅ ያገኘሁት የመጀመሪያ ገቢ ያ ነው።

ማታ ቻናልዎን ጎበኘሁ። ለመግባት አራት ሌላ ቻናል ጆይን ማድረግ ነበረብኝ፤ አንዱ ጫማ ይሸጣል፣ አንዱ ስለ እንግሊዝ ኳስ ይተነብያል። ደረስኩ። ፎቶ አነሳስዎ፣ ላመስግንዎትና፣ ከገጽ ገጽ ይለያያል፤ ገጽ 30 ላይ ጠሟል፣ ገጽ 71 ላይ የቡና ስኒ ጥላ አለ። «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው ገጽ ግን ፏ ብሎ ወጥቷል። እሱን ሲያነሱ እጅዎ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ከሥሩም የራስዎን ጨምረውበታል፦ «ከቻናላችን ፈቃድ ውጪ ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል»።

ጻፍኩልዎት። «ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ መጽሐፍ ደራሲ ነኝ። እባክዎ ያውርዱልኝ።»

«ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት እንደሚወርድ ከላይ ፒን ተደርጓል።»

«ማውረድ ስል ማጥፋት ማለቴ ነው።»

«ደራሲው መሆንህ በምን ይታወቃል?»

የቀበሌ መታወቂያዬን አነሳሁልዎት። «ሥራ፦ መምህር ነው እኮ የሚለው» አሉኝ። እውነትዎን ነው። የመጽሐፉን ጀርባ ከነፎቶዬ፣ ቀጥሎ ራሴን መጽሐፉን ይዤ ላክሁ፤ ልክ ጣቢያ ቁጥር አስይዘው እንደሚያነሱት ሰው። ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ።

«ኧረ ጀግናችን! አንተ ነህ እንዴ! በጣም ነው የምናከብርህ። አንዴ ተባበረን፤ ገጽ 112 እና 113 ሲነሳ ተዘሎብን ሰው እየጨቀጨቀን ነው። ሶፍት ኮፒ ካለህ ብትልክልን?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ባለቤቴ «ማን ሞተ?» አለችኝ።

እንቢ አልኩ። በጨዋ ቋንቋ ነው እንቢ ያልኩት፣ ብሎክ ያደረጉኝም በጨዋ ደንብ ነው። በባለቤቴ ስልክ ገብቼ ሳይ ግን ለቤተሰቡ መግለጫ አውጥተዋል፦ «ደራሲውን በትሕትና ጠይቀነው ገጹን ሊሰጠን ፈቃደኛ አልሆነም።» ሥሩ አስተያየት ተደርድሯል። «ንፉግ!» «ዕውቀት ይሸጣል እንዴ?» «እንደዚህ ዓይነት ደራሲ ማንበብ አቁሙ።» አንዱ ምስኪን ብቻ ደጋግሞ ይጠይቃል፦ «የልጁ ስም ማን ነበር?» ባልቴቷ ስሙን የምታስታውሰው ገጽ 112 ላይ ነዋ።

ስማ እንግዲህ። እርስዎ ማለቱ ሰለቸኝ። ያ መጽሐፍ የታተመው በሚስቴ የእቁብ ዕጣ ነው። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ዕጣ ሲወጣላት የልብስ ስፌት መኪና ልትገዛበት ነበር፤ «ያንተ ይቅደም» አለችኝ። ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ከተቀበለ በኋላ «ወረቀት ጨምሯል» ብሎ ሁለት ጊዜ አስጨመረኝ። 2,000 ቅጂ በትከሻዬ ከጭነት መኪና አወረድኩ። ያኛውን ማውረድ ታውቀዋለህ? አታውቀውም። መደብሮቹ ቅናሻቸውን ከላይ ቆርጠው፣ ሲሸጥ እንከፍልሃለን ብለው ተረከቡ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን አንተ ለቀቅከው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ባለመደብሩ «መምህር፣ ውሰድልኝ፣ ቦታ ይዞብኛል» አለኝ። አንተ በወር 150 ብር ቪአይፒ በቴሌብር ትሰበስባለህ፣ እኔ ንፉግ እባላለሁ። በሚስቴ የስፌት መኪና የሰፋህበት አንተ ነህ፣ አንተ!

ይቅርታ ክቡርነትዎ። ወደ አክብሮቴ ልመለስ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ እርስዎ ደግሞ የተገኘውን ነቅንቀዋል፣ ምን ይፈረድብዎታል።

እርግጥ የሚፈርድ ሕግ አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይባላል፤ እሱንም ስካን አድርገው እንደሆነ አላውቅም። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል፤ የሞራል ካሳው ብቻ ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጓል። እኔን የሚጠብቀኝ በሕይወት ዘመኔ፣ ከዚያም ከሞትኩ በኋላ 50 ዓመት ነው። ይታይዎት፦ ሬሳዬን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊጠብቅ የተሰለፈ ሕግ፣ በቁሜ አሥራ አንድ ቀን አላሳደረኝም።

ጣቢያ ሄጄ ነበር። «ተከሳሽ ማነው?» «አድሚን።» «የአባት ስም?» ዝም። «አድራሻ?» «ቴሌግራም።» መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። አውራ ጣቱን አሳየሁት። ስልኩን አቅርቦ፣ ጥፍሩን አጉልቶ አየና «እጁን ቢታጠብ ጥሩ ነበር» አለኝ። ነገ ተመለስ ተባልኩ። ነገን ያውቋታል።

«በምን ይታወቃል?» ያሉኝ ነገር ግን ሳይከነክነኝ አልቀረም። መብቱ ሥራው ወረቀት ላይ ከሰፈረበት ሰዓት ጀምሮ የደራሲው ነው፣ ምዝገባም ግዴታ አይደለም፤ ክርክር ሲነሳ ግን ወረቀት የያዘ ይሻላል። ስለዚህ መጽሐፌን አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዘገብኩ። አሁን የምስክር ወረቀት አለኝ። ሥራ፦ መምህር አይልም። አይኤስቢኤን እንኳ ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከወመዘክር ወስጄ የጀርባው ባርኮድ ላይ አሳትሜ ነበር፤ ብዙዎቻችን እሱን እንደ ክታብ ነው የምናየው። መለያ ቁጥር ነው እንጂ ቡዳም ሌባም አይከላከልም፤ ያው ለእርስዎም ፒዲኤፉን በቁጥሩ ለመፈለግ አመቺ ሆኗል።

ብቻዎን ነዎት ብዬ እንዳላሳዝንዎት፣ ወንድሞች አሉዎት። በመጀመሪያው መጽሐፌ ሌላ ማተሚያ ቤት 1,000 ቅጂ አትሞልኝ፣ ገበያው ላይ ግን እኔ ያላየኋቸው መንትዮች ይዞሩ ነበር፤ ውላችን የአፍ ነበርና የማንን አንገት ልያዝ? ዘንድሮ በጽሑፍ አሠርቻለሁ፦ የቅጂው ቁጥር፣ ፋይሉ ለማን እንደሚመለስ፣ ዳግም እትም ያለ ፊርማዬ እንደማይሞከር። እያንዳንዱን ቅጂ በማኅተሜ መትቻለሁ፤ 2,000 ጊዜ። ክንዴ እስካሁን ያመኛል። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ልብ ወለዴን ከዳር እስከ ዳር በዋሽንት አጅቦ የሚተርክ አለ። ባልቴቷን «ባለቤቷ» እያለ ያነባታል፤ ባል ያጣችው ሴት በእሱ አንደበት ራሷ ባለቤት ሆናለች። እሱ እንኳ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ የቅጂ መብት ቅጣት ከተቆጠረበት ቻናሉ ይዘጋል። በእርስዎም ላይ ቢሆን በየልጥፉ ሊንክ ለቴሌግራም አቤቱታ ልኬ ነበር። ልጥፉ ወረደ። በማግሥቱ ያው ቻናል ስሙ ላይ «2» ጨምሮ ተነሳ።

በእንግሊዝኛ የሚጽፍልኝም አለ። መጽሐፌን «በጥልቅ ስሜት» እንዳነበበው፣ ከሺህ ሥራዎች መካከል እንደተመረጠ፣ አማዞን ላይ ለማስጫን 350 ዶላር ብቻ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። በአማርኛ መጻፉን አልነገርኩትም። አማዞን ላይ ደራሲ ራሱ ሲጭን ክፍያ የለም፤ ከደራሲ ገንዘብ የሚጠይቅ አሳታሚ ደግሞ አሳታሚ ሳይሆን ደንበኛ ፈላጊ ነው። የአገሬ ልጅ መሆን ደጉ፣ እርስዎ ቢያንስ ቀብድ አልጠየቁኝም።

ለማንኛውም፣ ከአልጋዬ ሥር 1,340 ቅጂ አለ። ሁሉም ገጽ 112 እና 113 አላቸው።

አንድ ነገር ልናዘዝልዎትና ላብቃ። ትናንት ማታ የታክሲዋ ልጅ ትዝ አለችኝ። ሒሳብ ከፍላልኛለች፣ ዕዳ አለብኝ። ሁለቱን ገጾች ከራሴ ቅጂ ላይ በስልኬ አንስቼ ላክሁላት። «አመሰግናለሁ ጋሼ! ከየት አገኙት?» አለች። አልመለስኩም።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ስልኳን ይዛ መጣች። ቻናልዎ ላይ ነው። «ገጽ 112 እና 113 ተገኝቷል! ለተባበረን ቤተሰብ እናመሰግናለን።» የእርስዎ ስም በሰያፍ ተጋድሞበታል፤ ግርጌው ላይ የመጨረሻውን መስመር ግማሽ የሸፈነ አውራ ጣት አለ።

ጣቱ የእኔ ነው።